ዚንኩስ?

በካምፓችን ክሊኒክ በኢንሴንቲቭ የምንሠራ አምስት ልጆች ነን። ስለ ተቅማጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደን ነበር። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር የዚንክ ኪኒን ከ10 እስከ 14 ቀን እንደሚሰጥ፣ ተቅማጡ ቢቆምም እንደማይቋረጥ ተማርን። ሰርተፍኬታችንን ይዘን በደስታ ተመለስን።

ሰኞ ዕለት ለአንዲት እናት ይህንኑ ማስረዳት ስንጀምር አንድ አንጋፋ ሠራተኛ «ሰልፉን አታዩም? እዚህ ኦአርኤስ ሰጥተን ነው የምንሸኘው» አሉን። እውነትም ሰልፉ ረጅም ነበር። ኃላፊያችንም «ምን ተማራችሁ?» ብለው አልጠየቁንም። ዝም አልን።

በሳምንቱ ያቺው እናት ልጇን አዝላ ተመለሰች፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። በእኛ ዝምታ ይሆን እያልን አፈርን። ተመስገን፣ ልጁ ዳነ።

ከዚያ አምስታችንም አንድ ላይ ሆነን ኃላፊያችንን አነጋገርን። አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይጀመር ሩብ ሰዓት አለን። እኛ የተማርነውን እናሳያለን፣ አንጋፋዎቹ ከልምዳቸው ያካፍሉናል። እኚያ ሰውም ዛሬ ዚንኩን በገዛ እጃቸው ቆጥረው ይሰጣሉ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ከሥልጠና ሲመለስ ሰርተፍኬቱን ብቻ አትዩ፤ «የተማርከውን አሠሩህ ወይ?» በሉት። እናቶችም ክሊኒክ ስትመጡ አትፈሩን፤ «ዚንኩስ?» ብላችሁ ጠይቁን።