ሐሜት የሚነግሠው የክስ በር ሲዘጋ ነው

ኒኮሎ ማኪያቬሊ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው «ልዑሉ» የተባለውን መጽሐፍ ነው። ተንኮል፣ ጭካኔ፣ ሥልጣን። ከዚያ በእጅጉ የሚሰፋው ሌላ ሥራው ግን ስለ ሪፐብሊክ ነው። የሮማዊውን ታሪክ ጸሐፊ የሊቪን የመጀመሪያ አሥር መጻሕፍት እየተከተለ፣ ሮም ለምን ጸናች ፍሎረንስስ ለምን ተናጋች ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1531 እ.ኤ.አ. ነው።

ከመጀመሪያው ክፍል ሁለት አጫጭር ምዕራፎች፣ 7ኛውና 8ኛው፣ ዛሬም ቢነበቡ የትናንት ዜና ይመስላሉ። ጉዳያቸው ክስና ስም ማጥፋት ነው። ክስ ማስረጃና ምስክር ይፈልጋል፤ የሚቀርበውም በዳኛ ወይም በሕዝብ ጉባኤ ፊት ነው። ስም ማጥፋት ምስክር አይፈልግም። በአደባባይና በየበረንዳው ይወራል፤ ማንም በማንም ላይ ያወራዋል።

ማኪያቬሊ ከሮም ሁለት ታሪክ ያመጣል። የመጀመሪያው የኮሪዮላነስ ነው። በረሃብ ዘመን እህል ከሲሲሊ ሲመጣ፣ ይህ መኳንንት ሕዝቡ ያገኘውን መብት ካልመለሰ በርካሽ አይሰጠው ብሎ ተከራከረ። የተቆጣው ሕዝብ ከሴኔት ሲወጣ ሊገድለው ነበር። ያዳነው የሕዝብ እንደራሴዎቹ፣ ትሪቡኖቹ፣ ለፍርድ ስለጠሩት ነው። ታሪኩ ምን ያህል እውነት፣ ምን ያህል አፈ ታሪክ እንደሆነ ምሁራን ይከራከሩበታል። የማኪያቬሊ ነጥብ ግን ግልጽ ነው፦ ቁጣ በሕግ መውጫ ካጣ በደም ይወጣል። ደም ደግሞ በቀልን፣ በቀል ወገንን፣ ወገን የውጭ ኃይልን ይጠራል።

ሁለተኛው የማንሊየስ ነው። ካፒቶልን ከጋውሎች ያዳነ ጀግና ነበር፤ የካሚለስ ዝና ግን አላስተኛውም። ለጋውሎች የተሰበሰበውን ወርቅ ጥቂት ሰዎች በልተውታል ብሎ በሕዝቡ መካከል ወሬ ነዛ። ዲክታተሩ በአደባባይ አስጠርቶ «ወርቁ ማን ጋ ነው? ንገረን» አለው። መልስ አልነበረውም፤ ታሰረ።

ፍሎረንስስ? ከሉካ ከተማ ጋር በነበረው ጦርነት ከበባው ሲከሽፍ፣ ኮሚሳሩ ጆቫኒ ጉዊቻርዲኒ ጉቦ በላ ተባለ። ራሱ ልመርመር ቢልም ንጽሕናውን የሚያሳይበት ሥርዓት አላገኘም። የወዳጆቹና የተቃዋሚዎቹ ጥላቻ ግን እያደገ ሄደ። በ1434 ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ከስደት ሲመለስ ከተማዋ በአንድ ቤተሰብ እጅ ገባች።

ማኪያቬሊ ራሱም ቀምሶታል። ሪፐብሊኩን 14 ዓመት በጸሐፊነት አገልግሎ፣ በ1512 ሜዲቺዎች ሲመለሱ ከሥራው ተባረረ። በማግስቱ ዓመት አንድ ሴረኛ በጣለው የስም ዝርዝር ላይ ስሙ ተገኘ። ታሰረ፤ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ በገመድ እየተሰቀለ ተመረመረ። የተፈታው ከሜዲቺ ቤት የሆነው ካርዲናል ጳጳስ ሲመረጥ በወጣ ምሕረት ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። «ስም አጥፊ ይቀጣ» የሚለው ሕግ ለገዢ ምን ያህል እንደሚመች ማን ያጣዋል? ዛሬ ማንሊየስን አስሮ ነገ እውነተኛውን ከሳሽ ማሰር ቀላል ነው። የማኪያቬሊ መልስ በቅደም ተከተሉ ውስጥ አለ። በመጀመሪያ ማንኛውም ዜጋ፣ የቱንም ያህል ኃያል ሰው ቢሆን፣ ያለ ፍርሃት መክሰስ ይቻል። ያ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ስም አጥፊ ይቀጣ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ በየበረንዳው ማውራት ምክንያት የለውምና። ዳኞቹም ብዙ ይሁኑ ይላል፤ ጥቂቶች ለጥቂቶች ያደላሉ።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሁሉም ይበላሻል። በሩን ዘግቶ ሐሜተኛን የሚቀጣ መንግሥት ወሬን አያጠፋም፤ ወደ ሹክሹክታ ያወርደዋል እንጂ። ገንፎ ውስጥ ስንጥር አይጠፋም ብሎ የሚጠረጥር ሕዝብ ደግሞ የሚመረምርለት ካጣ ሁሉንም ያምናል። ያኔ ሌባው ከንጹሑ ጋር እኩል ይታማል፤ ከዚህ የሚያተርፈውም ሌባው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወሬ የበዛበት አገር ሲታይ ቀዳሚው ጥያቄ «ማን አወራ?» መሆን የለበትም። «የተበደለ ሰው የት ሄዶ ይክሰስ?» ነው።