«ሲፕሮ ስጠኝ»

እናቴ ሽንቷ ሲያቃጥላት «ብርድ መታኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ ሰፈር ካለው ፋርማሲ ሄጄ «ሲፕሮ ስጠኝ» እላለሁ። የሐኪም ወረቀት ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ገዝቻለሁ። ሁለት ቀን ትውጥና ሲሻላት የተረፈው መሳቢያ ይገባል፤ ጎረቤት ሲቸግረው ከዚያው ይወስዳል። መድኃኒት ቁጥጥር ላይ ዜና የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ልብ በሉልኝ።

በአምስተኛው ሲፕሮው አልሠራም። ክሊኒክ ሄድን፤ ሽንቷን በማይክሮስኮፕ አዩና «ኢንፌክሽን አለ» አሉን። (ታይፎይድ ወይ የሽንት ኢንፌክሽን ሳይገኝበት ከክሊኒክ የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) የትኛው ጀርም እንደሆነ፣ ምን እንደሚገድለው የነገረን የለም። ያው ሲፕሮ ተጻፈልን። በሦስተኛው ሌሊት ትኩሳቱና ማንቀጥቀጡ መጣ፤ ጎኗን ይዛ ታስመልስ ጀመር። ኢንፌክሽኑ ከፊኛ አልፎ ኩላሊት ደርሷል።

ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም መርፌ ከመጀመሩ በፊት ሽንቷን ለካልቸር ላከ። ጀርሙን አብቅለው መድኃኒቶቹን የሚሞክሩበት ምርመራ ነው፤ ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ኢ. ኮላይ ተገኘ፤ አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው፣ አብዛኛውን የሽንት ኢንፌክሽን የሚያመጣው። ሲፕሮ ትይዩ «ሬዚስታንት» ይላል። ናይትሮፉራንቶይን የሚባለው ክኒን ግን ይገድለዋል። ደስ ሲለኝ ሐኪሙ «እሱ ለፊኛ እንጂ ለኩላሊት አይሆንም፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ እናትህ በእሱ ይድኑ ነበር» አለኝ።

ፋርማሲውን መውቀስ ይቀለኛል። ገዢው ግን እኔ ነኝ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የሽንት ኢንፌክሽን ሲፕሮና ዘመዶቹ እንዳይታዘዙ አስጠንቅቋል፤ ጅማትና ነርቭ ሊጎዱ ይችላሉ። እኛ እንደ ከረሜላ እንገዛዋለን። ለአንዲት ጤነኛ ወጣት የመጀመሪያ ማቃጠል ካልቸር ላያስፈልግ ይችላል። በሽታው ለተመላለሰበት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለወንድ፣ ትኩሳት ላለው ግን «ካልቸር ይሠራልኝ» ማለት ነውር የለውም። ክሊኒኩ ባይኖረው እንኳ የት እንደሚሠራ ይንገረን።

እናቴ በስምንተኛው ቀን ወጣች። በሳምንቱ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን መጥታ «ያቺ የብርድ መድኃኒት አለች?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ መሳቢያውን አየት አደረገችና «የለችም። ይልቅ ነገ ከልጄ ጋር ሄደሽ ሽንትሽን ታዪ» አለቻት።