ጭሱና ድፍድፉ

ያደግሁት በአረቄ ቤት ነው። ይህን በጽሑፍ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ብቅል እያበቀለች፣ ጌሾ እየወቀጠች፣ አረቄ አውጥታ እየሸጠች አስተማረችኝ። በዚያን ዘመን ደብተሬም ሸሚዜም ጭስ ጭስ ይሸት ስለ ነበር፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞር ነበር። እኔም በበኩሌ እናቴ ትምህርት ቤት ድረስ እንዳትመጣ እስከ መለመን ደርሼ ነበር። ታዲያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለትምህርት ሄጄ በግላስጎ ከተማ ስኖር፣ ጭስ ጭስ የሚሸት መጠጥ በውድ ዋጋ ገዝቼ፣ ስለ ሽታው ማማር ለእንግዶቼ ንግግር አደረግሁ።

መጠጡ ኦክቶሞር 8.3 የተባለው ውስኪ ነበር። በስኮትላንድ ምዕራብ በአይላ ደሴት፣ በብሩክላዲ የውስኪ ማውጫ የተሠራ፣ 5 ዓመት በበርሜል የቆየ፣ የአልኮል ኃይሉ 61.2 በመቶ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በ18,000 ጠርሙስ ብቻ ተወስኖ የወጣ ነው። ገብሱ የበቀለው በዚያችው ደሴት፣ ስሙን ባወጣለት በኦክቶሞር እርሻ ነው። ዝናውን ያገኘው ግን በቁጥር ነው፤ ይኸውም በሚሊዮን ውስጥ 309.1 እጅ ፌኖል። ፌኖል የጭሱን ሽታና ጣዕም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው። በጭሰኛነቱ የታወቀው የጎረቤቱ የላፍሮይግ ብቅል እንኳ ከ40 እስከ 45 ገደማ ነው። እኔም ይህን ቁጥር እንደ ጀብዱ እየደጋገምሁ ስናገር፣ ከእንግዶቼ አንዱ ረጋ ብሎ፣ «ቁጥሩ የብቅሉ ነው ወይስ የጠርሙሱ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የቀመስሁት ጭስ ቁጥሩ እንደሚያስፈራው አለመሆኑን ግን ምላሴ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

በሚቀጥለው በጋ ከኬናክሬግ ወደብ በመርከብ ተሳፍሬ ወደ አይላ ሄድሁ። ደሴቲቱ ዛፍ የሚያንስባት፣ ነፋስ የማይለያት፣ ሰፊ ረግረግ ያለባት ናት። ከረግረጉ የሚቆረጠው ፒት የተባለው ጥቁር አፈር፣ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ውሃ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ተጠራቅሞ የሆነ ነው። ሲደርቅ ይነዳል፤ እርጥቡ ብቅልም በጭሱ ይታጠናል። ጭሱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩም የሚለካው እዚሁ፣ በብቅሉ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቁጥሩ አያውቅም።

ብሩክላዲ ውስጥ ያቆመኝ የድፍድፉ ጋን ነው። ከብረት የተሠራ፣ ክዳን የሌለው፣ ማውጫው በተቋቋመበት በ1881 የነበረ የድሮ ዕቃ ነው። በውስጡ የብረት መማሰያዎች በዝግታ ይዞራሉ። ብቅሉ እንደ እንጀራ ዱቄት አይልምም፤ ገለባው፣ ሽርክቱና ዱቄቱ በልክ ተመጥነው ይፈጫሉ። ገለባው ማጥለያ ነውና፤ እጅግ ከላመ ጋኑ ይደፈናል። ከዚያ 64 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ይገባበታል። ብቅሉ ሲበቅል ያፈራቸው ኤንዛይሞች በዚህ ሙቀት የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ። ውሃው ከዚህ ብዙ ቢግል ኤንዛይሞቹ ይሞታሉ፤ ቢቀዘቅዝ ደግሞ ስታርቹ አይፈታም። የቀረው ስኳር በሁለተኛ፣ ይበልጥ በጋለ ውሃ ይታጠባል፤ የመጨረሻው ቀጭን ውሃ ግን ለሚቀጥለው ድፍድፍ ይቀመጣል።

ይህን ስሰማ የእናቴ ድምፅ መጣብኝ። «ቂጣው ሳይበርድ ብቅል እንዳትጨምርበት፤ ትገድለዋለህ» ትለኝ ነበር። እኔ ይህን የአሮጊቶች አጉል እምነት አድርጌ፣ በኬሚስትሪ ትምህርቴ ስለ ኤንዛይም ያጠናሁትን ደግሞ ዕውቀት አድርጌ፣ ሁለቱን ሳላገናኝ ስንት ዓመት ኖርሁ!

ጣዕሙ የሚወሰነው በብዙው እዚህ ላይ መሆኑን ያስረዳኝ በጋኑ ላይ የተመደበው ሠራተኛ ነው። ድፍድፉ በዝግታ ተማስሎ፣ በገለባው ንጣፍ በኩል ቀስ ብሎ ሲጠል፣ የሚወርደው ጭማቂ ጥሩ ይሆናል፤ ከእርሾ ጋር ሲገናኝም የፍራፍሬ መዓዛ ይወልዳል። ተጣድፈው ቢያማስሉት ወይም ቢጨምቁት ግን ድፍርስ ይወርዳል፤ ከድፍርሱ የሚወጣው መጠጥ ወደ እህልና ወደ ለውዝ ጣዕም ያደላል። ጭሱም ቢሆን ሁሉም ተከትሎ አይወርድም። ከፊሉ ከገለባው ጋር አተላ ሆኖ ለከብቶች ይሄዳል፤ ሌላውም በመዳቡ ጋን ሲነጠር፣ የትኛው ይያዝ የትኛው ይለይ በሚለው ፍርድ ይቀንሳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እንግዲህ 309 አይደለም። በዚያችው ደሴት ላጋቩሊንና ካል ኢላ ጭሱ በተቀራረበ ልክ የገባበትን ብቅል ከአንድ ማዘጋጃ፣ ከፖርት ኤለን፣ ሲወስዱ ኖረዋል፤ ሁለቱን ግን ማንም ጠጪ ይለያቸዋል።

ሠራተኛው ከሚወርደው ጭማቂ በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ ሰጠኝ። የሞቀ ቀሪቦ የመሰለ፣ ከበስተኋላው ጭስ ያለበት ጣፋጭ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁት። ዐይኔ ማርጠቡን እንፋሎቱ ሸፈነልኝ።

ወደ አገሬ ስመለስ ከኦክቶሞሩ የተረፈውን ይዤ ሄድሁ። እናቴ አረቄ ማውጣቱን ከተወች ቆይታለች። ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው፤ በሲኒ ቀዳሁላት። አሸተተች፣ ጥቂት ቀመሰች፣ ዝም አለች። ስለ ቁጥሩ ልነግራት ስጀምር በእጇ አቋረጠችኝ።

«ጭሱ ከላይ ነው» አለች። «ይህን ያህል ጭስ ጭነውበት አለመምረሩ፣ ድፍድፉን የያዘው ሰው የማይቸኩል ቢሆን ነው። ማን ነው?»

ስሙን አለመጠየቄን ነገርኋት። ቅር አላት። ሲኒውን ጨርሳ ለሁለተኛ ጊዜ አቀረበችልኝ፤ ከዚያም ወደ ጠርሙሱ እያየች፣ «ሲያልቅ እንዳትጥለው፤ ክዳኑ ደህና ነው» አለችኝ።