ከሰሉ ሳያልቅ የሄዱ ሰዎች

በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ክልል ደቡባዊ ጫፍ ማክዳወል የሚባል ካውንቲ አለ። በ1950 የሕዝብ ቆጠራ 98,887 ነዋሪ ነበረው፤ በ2020 የተቆጠረው 19,111 ብቻ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጦርነት ሳይነሣ፣ ቸነፈር ሳይገባ ከአምስት ሰው አራቱ የጎደለበት አገር ምን ነካው ለሚል ሰው ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው።

መሬቱ ሜዳ አያውቅም። ተራራው ተራራ ላይ ተደግፏል፤ በሥሩ ታግ ፎርክ፣ ኤልክሆርንና ድራይ ፎርክ የሚባሉት ወንዞች ይጠማዘዛሉ። ሰው የሚሰፍርበት ቦታ ከወንዙ ዳር ያለችው ጠባብ ሰርጥ ስለሆነች ሐዲዱም፣ መንገዱም፣ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም እዚያችው ላይ ይጋፋሉ። ትንንሾቹ ከተሞች በሐዲዱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል፤ ኪስቶን፣ ኪምቦል፣ ዌልች እያሉ። የካውንቲው መናገሻ ዌልች ኤልክሆርን ከታግ ፎርክ የሚገናኝበት ላይ ነች። ቦታ ከማጣቷ የተነሣ በ1941 የከተማው አስተዳደር ባለፎቅ የመኪና ማቆሚያ አሠራ፤ ከተማ ራሱ በባለቤትነት የያዘው በአሜሪካ የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ዛሬ ለሚያያት፣ መኪና መቆሚያ አጥቶ የሚዞርባት ከተማ ነበረች ማለት ተረት ይመስላል።

አዛውንቶቹ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ቀድመው የሚያነሡት ቅዳሜን ነው። ደመወዙን የተቀበለ ማዕድን ቆፋሪ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ከየሸለቆው ወደ ዌልች ይወርዳል። የእግረኛው መንገድ ሞልቶ ሰዉ ወደ አስፋልቱ ይፈስ ነበር ይላሉ። አንዱ ጫማ ይለካል፣ አንዱ ለሲኒማ ይሰለፋል፣ ልጅ ከእናቱ እጅ ወጥቶ ይጠፋል። በዚያ ግርግር ውስጥ ጣልያንኛና ሃንጋሪኛ ይሰማል፤ ከአላባማና ከካሮላይናዎቹ የመጡ ጥቁሮችም የየአገራቸውን ዘዬ ይዘው መጥተዋል።

ይህ ሁሉ ሰው የመጣው በባቡር ነው። ካውንቲው በ1858 ከታዝዌል ካውንቲ ተቆርሶ ሲመሠረት አዳኝና ገበሬ ብቻ ነበር የሚኖርበት፤ በ1880 እንኳ ነዋሪው 3,074 ነበር። በ1888 የኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ምድር ባቡር ተራራውን በዋሻ በስቶ ገባ። ከተራራው ሥር ፖካሆንታስ የሚሉት፣ ሲነድ ጭሱ እምብዛም የማይታይ የድንጋይ ከሰል ነበረ። ጭስ መርከቡን ከሩቅ የሚያጋልጥበት ባሕር ኃይልና ብረት አቅላጩ ተሻሙበት። በ1910 ነዋሪው 47,856 ደረሰ።

ለጥቁሮቹ አገሩ ሌላም ነገር ነበረው። በደቡብ የድምፅ መስጫ ሳጥን ሲከለከሉ በዌስት ቨርጂኒያ ይመርጡ ነበር። በ1928 ሚኒ በኪንግሃም ሃርፐር የሟች ባለቤቷን ወንበር ተክታ ለክልሉ ምክር ቤት ስትሰየም፣ በአሜሪካ የክልል ምክር ቤቶች ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ የማክዳወል ሰው ነች። በዚያው ዓመት ኪምቦል ላይ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቁር ዘማቾች መታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀ። ትምህርት ቤቱ ግን ለነጩ ለብቻ፣ ለጥቁሩ ለብቻ ነበር።

ትዝታ የሚመርጠውን ይመርጣል። ቤቱ የማዕድን ኩባንያው፣ ሐኪሙም የኩባንያው ነበር። ደመወዝ ከመድረሱ በፊት ብድር የጠየቀ ሠራተኛ የሚሰጠው ስክሪፕ የሚባል ከኩባንያው ሱቅ ውጭ እምብዛም ዋጋ የሌለው ሳንቲም ነው። ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ለማዕድኑ የቆረቆራትን ከተማ በሊቀመንበሩ በኤልበርት ጋሪ ስም ጋሪ አላት። የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ወገን የነበረው የሜትዋን ከተማ ፖሊስ አዛዥ ሲድ ሃትፊልድ ነሐሴ 1 ቀን 1921 ለችሎት ሊቀርብ ሲል በዌልች ፍርድ ቤት ደረጃ ላይ፣ ከጓደኛው ከኤድ ቻምበርስ ጋር፣ የማዕድን ባለቤቶች በሚቀጥሯቸው በባልድዊን ፌልትስ የግል መርማሪዎች ጥይት ወደቀ። በ1940 ጥር ባርትሊ ላይ ማዕድኑ ፈንድቶ 91 ሰው ሞተ። የቅዳሜውን ግርግር የሚናፍቁት ሰዎች ይህንንም ያውቃሉ። የሚናፍቃቸው ኩባንያው ሳይሆን ጎረቤታቸው ይመስለኛል።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ፊቱ ባለጥርስ የሆነ፣ እየቆፈረ ወዲያው የሚጭን ማሽን ብዙ ሰው የሚሠራውን በጥቂት ሰው ጨረሰው። የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ ጆን ሉዊስም አልተቃወመውም፤ ቁጥሩ ያነሰ፣ ደመወዙ የተሻለ፣ የጤና ፈንድ ያለው ቆፋሪ ይሻላል ብሎ በ1950 ከባለቤቶቹ ጋር ተስማማ። ሒሳቡ ለቀሩት ትክክል ነበር። ከ1950 እስከ 1960 ግን ማክዳወል ሃያ ሰባት ሺህ ተኩል ያህል ሰው አጣ። ከሰሉ ገና ሞልቶ ሳለ ነው ሰዉ ወደ ኦሃዮና ወደ ሚሺጋን ፋብሪካዎች የጎረፈው። ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን የምናውቀው ስቲቭ ሃርቪ በ1957 ዌልች ውስጥ ከማዕድን ቆፋሪ አባት ተወልዶ ያደገው ክሊቭላንድ ነው። በዚያው ዓመት በኮልዉድ መንደር የማዕድኑ ኃላፊ ልጅ ሆመር ሂካም የሩሲያን ስፑትኒክ ሰማይ ላይ አይቶ ከጓደኞቹ ጋር ሮኬት መሥራት ጀመረ፤ በኋላ የናሳ መሐንዲስ ሆነ። የዚያ አገር ጎበዝ ልጅ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከአገር በመውጣት ነው የሚያምረው።

በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኬኔዲ በ1960 ምርጫ እዚያ ሲቀሰቅስ ያየው ረኃብ አልለቀቀውም ይባላል። ሥልጣን በያዘ ማግስት ለችግረኞች የሚታደለው ምግብ እንዲጨምር አዘዘ፤ ግንቦት 29 ቀን 1961 ደግሞ ዌልች ላይ አንድ ሥራ የፈታ ማዕድን ቆፋሪ ለ15 ነፍስ ቤተሰቡ የ95 ዶላር ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ ኩፖን) ተቀበለ። የኬኔዲ የሙከራ ፕሮግራም የመጀመሪያው ተቀባይ እሱ ነው። አሜሪካ በስደት ገብተው የመጀመሪያ ወራቸውን በፉድ ስታምፕ ያለፉ ወገኖቻችን ያ የኬኔዲ ሙከራ የተጀመረው ከሰሏን ለአገሪቱ ብረት ማቅለጫ ስታቀርብ በኖረች ከተማ መሆኑን ቢሰሙ የሚገረሙ ይመስለኛል።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። በ1980ዎቹ የብረት ገበያው ሲወድቅ የጋሪ ማዕድኖች ተዘጉ። በ2001 እና በ2002 ጎርፍ ያችን ጠባብ ሰርጥ ጠራርጎ ሄደ። በ2005 ኪምቦል አጠገብ የተከፈተው ዎልማርት በ2016 ተዘጋ። ከሰል ዛሬም ለብረት ሥራ ይወጣል፤ የሚያወጣው ሰው ግን ጥቂት ነው። መንግሥት ሥራ ይፈጥራል ብሎ በ2010 ግድም ትልቅ የፌዴራል ወህኒ ቤት ከፈተ፤ ዌልችም ውስጥ የክልሉ እስር ቤት አለ። በአሜሪካ ቆጠራ እስረኛ የሚመዘገበው በታሰረበት ቦታ ስለሆነ፣ 19,111 ከተባሉት ነዋሪዎች መካከል ወደ ማክዳወል በካቴና የመጡም አሉበት።