ሰፈር መጀመሪያ ድንኳን ነበር

«ሰፈር»ም «ከተማ»ም የጦር ቃላት ነበሩ። ሰፈረ፣ ከተመ ሲባል ሠራዊቱ ጓዙን አራግፎ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእንጦጦ የወረደው ያው የጦር ሰፈር ስለነበር አሰፋፈሩንም ይዞት ወረደ።

የአሰፋፈሩ ሥርዓት በማዕረጎቹ ስም ውስጥ ቀርቷል። የንጉሡ ድንኳን መሀል፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ይተከላል፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሆናሉ። ድንኳኑ ግቢ ሲሆን መኳንንቱም በየፊናቸው መሬት እየተሰጣቸው ጉብታ ጉብታውን ያዙ። የራስ ብሩ ቤት ከመስቀል አደባባይ በላይ ዛሬም ቆሟል፤ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይም ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ዘመን ሰዎች ነው። ከጌታው አጥር ሥር ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ እንጨት ለቃሚዋ፣ ጠጅ ጣይዋ ጎጇቸውን ቀለሱ። ሀብታምና ድሃ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳበት መንደር እንዲህ ተፈጠረ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ቀበናን የመሰለ ወንዝና ባዶ ሜዳ ነበር፤ መንገዱም ከየጉብታው ወደ ግቢ ደጅ የሚጠና ሰው በእግሩ ያወጣው ነው። የድሮ ሰፈር መንገድ የሚጠማዘዘው ወዶ አይደለም።

ፕላን ነዳፊዎች ግን ይህን ሁሉ እንደ ዝርክርክነት ነው ያዩት። እ.ኤ.አ. በ1936 አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚየ ከተማዋን ሳያያት፣ መሬቱ ባዶ ይመስል ቀጥ ያለ ንድፍ ጣለባት፤ ሳይሠራ ቀረ። የጣሊያን ፕላን ደግሞ ሕዝቡን በዘር ለየ፤ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ መርካቶም ተባለ። ከነፃነት በኋላ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፣ ቀጥሎም ፈረንሳዊው ደ ማሪየን መጡ። የደ ማሪየን አሻራ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ላይ በጉልህ ይታያል።

የድሮውን ቅይጥ ሰፈር ሳይታሰብ ያቆየው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ዝቅ አለ፤ ድሃው መሀል ከተማ ላይ መቀመጥ ቻለ። ጣሪያው ቢያፈስም፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ቢሆንም፣ ዕድሩና ጎረቤቱ አልተበተኑም። ይህን ያፈረሰው መልሶ ማልማቱ ነው። ከአራት ኪሎና ከፒያሳ የተነሣው ብዙ ሰው የከተማዋ ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ እዚያ አድራሻ የሚነገረው በብሎክ ቁጥር ነው።