የሰርከሱ ልጅ ከመድረክ ሲወርድ

ስለ ሰርከስ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚሉት በበዓል ዝግጅት ላይ የሚገለባበጡ ልጆች ናቸው። ይጨበጨብላቸዋል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ መድረኩ ለባለሥልጣናት ንግግር ይለቀቃል። ልጆቹ ከመድረክ ሲወርዱ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ ጥያቄ ዛሬ ሊነሳ ይገባዋል።

የዞኑ መቀመጫ ደብረ ብርሃን የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጅ ትምህርትና ሥራ ፍለጋ የሚመጣባት ብርዳማ ከተማ ናት። በተክሉ አሻግር የተመሠረተው ሰርከስ ደብረ ብርሃን እዚህች ከተማ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ አስቆጥሯል። መስማት የተሳናቸውንና የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ከሌሎቹ እኩል መድረክ ላይ በማውጣቱ ይታወቃል። የአካል ጉዳት እንደ ቁጣና እርግማን በሚታይበት፣ ልጅ ከእንግዳ በሚደበቅበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲታዘንለት የኖረ ልጅ አደባባይ ወጥቶ ይደነቃል። እናቱም ከሕዝቡ መሀል ሆና ታየዋለች።

ሥራው ራሱ ያስተምራል። ልጆች አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ወጥተው ሲቆሙ፣ ከታች ያለው ካመነታ ከላይ ያለው ይወድቃል። የማን ልጅ መሆን እዚያ ላይ አይረዳም። መስማት የተሳነው ልጅ ምልክቱን በዓይኑና በመዳፉ ስለሚቀበል፣ የሚሰማው ጓደኛው የምልክት ቋንቋ መልመድ አለበት። ስለ መከባበር ከሚሰጥ የግማሽ ቀን ሥልጠና ይህ ይበልጣል።

የአገራችን ዘመናዊ ሰርከስ ጅማሬውም ከሠፈር ልጅ ጋር ነው። ማርክ ላሻንስ የተባለ ካናዳዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሰርከስ ኢትዮጵያን መሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ጅማ፣ መቀሌና ናዝሬት ቡድኖች አፈሩ። ስለ ኤችአይቪና ስለ ጎዳና ሕይወት የሚናገሩት ትርኢቶች፣ ስብሰባ የማይገባውን ወጣት መንገድ ላይ አስቁመው ያሳዩት ነበር።

ታሪኩ ግን ጠባሳም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ለትርኢት አውስትራሊያ ከሄደው ቡድን በርካታ ወጣቶች እዚያው ጥገኝነት ጠየቁ፤ በመሥራቹ ላይም የጥቃት ክስ አሰሙ። ክሱ በፍርድ ቤት እልባት ሳያገኝ ሰውየው በቀጣዩ ዓመት ሞተ። በዚያን ጊዜ አውስትራሊያ ከቀሩት አንዷ ሶስና ወጋየሁ እዚያው ሙያውን ተምራ ታዋቂ አርቲስት ሆነች፤ ኋላም አዲስ አበባ ላይ ጋሞ የተባለውን የሰርከስ ትምህርት ቤት አቋቋመች።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ የድሃ ልጅን ዕጣ ለአንድ ሰው ደግነት ብቻ መተው አደገኛ ነው። የአሠልጣኝ እጅ የልጁን አካል ይነካል፤ ማን ውጭ አገር እንደሚሄድም ይወስናል። ስለዚህ ልጁ ያለ ፍርሃት አቤት የሚልበት ሌላ በር ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ችሎታ አገር ውስጥ እንጀራ ካልሆነ ይሰደዳል።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ከወለጋ የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠልለውባታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ሥራ ፈቶ የሚውል ወጣት ጠሪው ብዙ ነው፤ ታጣቂው ይጠራዋል፣ በጅቡቲ አሻግሬ ሳዑዲ አደርስሃለሁ የሚለው ደላላም ይጠራዋል። ሰርከስ ጦርነት አያስቆምም፣ የተፈናቀለንም ወደ ቀዬው አይመልስም። ለአንድ ልጅ ግን በየቀኑ የሚጠበቅበትን ቦታና እሱ ሲቀር የሚጎድል ቡድን ይሰጠዋል።

የሚያስፈልገውም የሚቻል ነገር ነው። ፑል ቤትና ኳስ ማሳያ ሆነው ከቀሩ የወጣት ማዕከላት አንድ ብርድ የማይገባው አዳራሽ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ ደመወዝ ያለው አሠልጣኝ፣ የተጻፈ የሕፃናት ጥበቃ ደንብ። እስካሁን ይህን ሸክም በአብዛኛው የተሸከመው የውጭ ረጂ ነው፤ ረጂ ደግሞ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሄዳል። ከተማዋ በፋብሪካዎቿ ትኮራለች። ከበጀቷም ሆነ ከባለሀብቶቿ ኪስ ይህ አይጠፋም።

እስከዚያው ግን በሚቀጥለው በዓል ልጆቹን መድረክ ላይ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ከአንድ ነገር ይጀምር፤ የታክሲና የሻይ ብሎ ሳይሸነግል የባለሙያ ዋጋቸውን ይክፈላቸው።