ሻማውን የያዘው ክንድ

ልጆች ሳለን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በዓል በሆነ ማታ በግቢው መካከል በሁለት ምሰሶዎች ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ ሲኒማ ይታይ ነበር። አንድ ማታ በሥዕሉ ውስጥ የሚጋልቡት ፈረሶች ወዴት እንደሚገቡ ለማወቅ ስለ ጓጓን፣ ከጓደኞቻችን ጋር ተደብቀን ወደ አንሶላው ጀርባ ሄድን። ከዚያ ያገኘነው ግን ነፋስ እንዳይወስደው የአንሶላውን ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ የቆመውን የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ብቻ ነበር። ፈረሶቹን በማጣታችን አዝነን ተመለስን፤ ዘበኛውን ግን ከመካከላችን ልብ ያለው አልነበረም።

ይህ ነገር ትዝ ያለን ከባለቤታችን ጋር ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደን የራሬን ግንብ በጎበኘን ጊዜ ነው።

ራሬ ከፓሪስ በስተ ሰሜን፣ ከሳንሊስ ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ግንቡ የተሠራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በትልቅነቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚያስደንቀው በፊቱ ያለው አደባባይ ነው። በግራና በቀኝ ቅስት ቅስት ያለው የድንጋይ አጥር ቆሟል። በአጥሩ ውስጥ የሰው ራስና ደረት ምስሎች ተቀምጠዋል፤ ከአጥሩም በላይ ከድንጋይ የተጠረቡ የአደን ውሾች በረድፍ ተሰልፈዋል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ባለች ጊዜ የውሾቹ ጥላ በምድር ላይ ይረዝማልና፣ የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ።

ባለቅኔው ዣን ኮክቶ «ውቢቱና አውሬው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የአውሬውን ግንብ የውጭ መልክ ያነሣው በዚህ ስፍራ ነው። ታሪኩን ወይዘሮ ለፕረንስ ደ ቦሞን በ1756 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትመውታል፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነጋዴ በጫካ መንገድ ጠፍቶበት ሰው ከሌለበት ግንብ ይገባል። ለልጁ አንዲት ጽጌረዳ በመቅጠፉም የግንቡ ጌታ የሆነው አውሬ ሞት ይፈርድበታል። ልጅቱ በአባቷ ፈንታ ወደ ግንቡ ትሄዳለች። አውሬውም ማታ ማታ «ታገቢኛለሽን?» እያለ ይጠይቃታል። እርስዋም በመጨረሻ ከጠጕሩና ከጥፍሩ በስተ ጀርባ ያለውን ልብ ታያለች፤ ፍቅሯም ወደ ሰውነት ይመልሰዋል።

ወደ ራሬ ከመሄዳችን በፊት ፊልሙን አብረን አይተን ነበር። እንዴት እንደ ተሠራም ኮክቶ በሥራው ላይ ሳለ ይጽፈው ከነበረውና በ1946 ከታተመው የዕለት ማስታወሻው ለመረዳት ይቻላል።

ፊልሙን ማንሣት የተጀመረው በነሐሴ 1945፣ በሎዋር ወንዝ አጠገብ ባለችው በሮሽኮርቦን ነው። ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። ጥሬ ፊልሙ ከየዓይነቱ የተለቃቀመ ስለሆነ እርስ በርሱ አይስማማም፤ ካሜራው መካከል ላይ ይቆማል፤ የኤሌክትሪክ መብራት በየጊዜው ይቋረጣል፤ በአቅራቢያው ካለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡት አውሮፕላኖችም የተዋንያኑን ድምፅ ይሸፍኑታል። በአንድ ትርኢት ላይ አንሶላዎች በገመድ ተሰጥተው እንዲታዩ ተፈልጎ ሳለ፣ ያልተጣፈ አንሶላ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ የዘበኛችን አንሶላ ትዝ አለን።

አውሬውን ሆኖ የተጫወተው ዣን ማሬ በየቀኑ አምስት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይቀባ ነበር፤ ሦስቱ ሰዓት ለፊቱ፣ የቀሩት ሁለቱ ለእጆቹ ነው። ይህን ሥራ የሠራው ሃጎፕ አራኬሊያን ነው። ማሬ በዚያ ጭምብል እንደ ልቡ ማኘክ ስለማይችል የሚበላው የላመ ምግብ ብቻ ነበር። በዚህ ላይ አዘጋጁ ኮክቶ በቆዳ በሽታ ፊቱ ቆስሎ ይሠቃይ ነበር። በመጨረሻ በፓስተር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ ረዳቱ ሬኔ ክሌማን ሥራው እንዳይቋረጥ ተካው። እንግዲህ አንዱ ወዳጅ በጠጕር ተሸፍኖ፣ ሌላው በቍስል ተሸፍኖ፣ ሁለቱም ስለ ውበት ደከሙ ማለት ነው።

የግንቡ ውስጥ የተነሣው ግን በራሬ አይደለም፤ በፓሪስ ዳር ባለው በሳን ሞሪስ ስቱዲዮ ነው። ነጋዴው በጨለማው አዳራሽ ሲገባ ከግድግዳው የወጡ የሰው ክንዶች መቅረዝ ይዘው ያበሩለታል፤ ሻማዎቹም በየተራ ራሳቸው ይለኰሳሉ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ተዋናዩ ወደ ኋላ እየተራመደ ሻማዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ፊልሙም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ታየ። ክንዶቹም ከግድግዳው ጀርባ በቆሙ ሰዎች ትከሻ ላይ ያሉ እውነተኛ ክንዶች ናቸው። ልጅቱን የተጫወተችው ዦዜት ዴ እግሯን ሳታነሣ በአየር ላይ እንደሚሄድ ሰው ስትንሳፈፍ የምትታየው፣ መንኰራኵር ባለው ጋሪ ላይ ቆማ ስለተሳበች ነው። በምድጃው ግራና ቀኝ ዓይናቸውን የሚያንከራትቱት ምስሎችም ፊታቸውን የተቀቡና የመብራቱን ትኵሳት ችለው የቆሙ ሰዎች ናቸው።

እኛ ይህን ሁሉ ለባለቤታችን እየተረክን፣ ምሥጢሩ ከታወቀ አስማቱ ይጠፋል ብለን ፈራን። እርሳቸው ግን በድንጋይ ውሾቹ ሥር ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣

«የልጆቼ አባት፣ ክንዶቹ የማን እንደ ሆኑ በፊልሙ ላይ ተጽፏልን?» ብለው ጠየቁን።

«የአዘጋጁና የታላላቆቹ ተዋንያን ስም ተጽፏል፤ የባለ ክንዶቹን ግን አላስተዋልንም» አልናቸው።

«እኔስ አንዷን አውቃታለሁ» አሉና ፈገግ አሉ።

ነገሩ ወዲያው ገባን። አፋችን የተፈታው በትግርኛ ነውና፣ ወደ መንግሥት ሥራ በገባን ጊዜ አማርኛን በወጉ ለመጻፍ ብዙ ደክመናል። የፈተናው ቀን በቀረበበት ሳምንት መብራት በየማታው ይጠፋ ነበር። ባለቤታችን ቀን በሥራ ውለው፣ ማታ ሕፃኑን በጀርባቸው አዝለው፣ ሻማ ይዘው ከአጠገባችን ይቆማሉ፤ በሌላው እጃቸው ደብተሩን ይዘው ግሡን ያስረቡናል። አንድ ማታ የቀለጠው ሰም በጣታቸው ላይ ፈሰሰ፤ እኛ ግን ቀና ብለን አላየንም። ፈተናውን ባለፍን ጊዜ በቤታችን ለተሰበሰቡት እንግዶች «በራሳችን ጥረት የተገኘ ነው» ብለን ተናገርን። እርሳቸውም ቡና እየቀዱ ሰምተውናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በባዕድ ቋንቋ የሥራ ደብዳቤ መጻፍ የሚማር ሰው ሁሉ ድካሙን ያውቃል፤ ማን ያበራለት እንደ ነበር ግን ይረሳል። የፊልሙም አስማት ምሥጢሩን በማወቃችን አልጠፋም። ፊልሙን እንደ ገና ባየነው ጊዜ ዓይናችን የሄደው ወደ ነጋዴው ሳይሆን ወደ ክንዶቹ ነው፤ መቅረዙን እንደ ያዙ ሳይወርዱ መቆየታቸው ከሁሉ ይልቅ አስደነቀን።

በራሬ አደባባይ ቆመን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፣

«ይቅርታውስ ይቅር፤ ቤታችን ስንገባ ቡናውን እርስዎ ያፍሉ» አሉን።

ቤታችን በገባን ማግስት እንግዶች ጠርተን ቀድሞ የተናገርነውን ቃል በፊታቸው አረምን፤ ቡናውንም እኛ አፈላን። ቡናው ገንፍሎ እሳቱን ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም፤ ቢሆንም እስከ ሦስተኛው ተጠጣ።